ከመተማ ገበያ እስከ ለንደን ጉባኤ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የአንድ ባልና ሚስት የጉዞ ታሪክ ነው። ከአገራቸው የወጡት አንድም አገር ለማየት፣ አንድም አውሬ ለማደን፣ አንድም በለንደን ምሁራን ፊት የሚቀርብ እውቀት ለመሰብሰብ ነበር። በመንገዳቸው ላይ ጓንግን፣ ተከዜን፣ አንገረብን፣ ሽንፋንና ድንድርን አዩ። መተማ ገበያም ገቡ። በዚህ ዝግጅት የምንጠራቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ እንዲህ ያለ ጉዞ ብርቅ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ባሕር ማዶ ለሦስት ቀን ጉባኤ ይጋበዛል፤ ባለቤቱም አብራው ትሄዳለች። እሱ ጥናቱን ሲያቀርብ እሷ ሙዚየም ትጎበኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አቅራቢዋ እሷ ትሆንና ገበያ ለገበያ የሚዞረው እሱ ይሆናል። ጉባኤው ሲያበቃ በቀሩት ቀናት ሦስት ከተማ በጥድፊያ አይተው፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። የዛሬዎቹ ባለታሪኮቻችን ግን ጉብኝቱን ጨርሰው ጉባኤው አዳራሽ እስኪደርሱ አራት ዓመት ተኩል አለፈ።

ሰውየው ሳሙኤል ቤከር ይባላል። እንግሊዛዊ ነው፤ በ1821 ለንደን ተወለደ። በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ለዓመታት በእርሻና በአደን ኖሯል። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1855 ስትሞትበት አራት ሴቶች ልጆቹን ለእህቱ አደራ ሰጥቶ ከአገር አገር ሲዞር ቆየ።

የሴትየዋ ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። ፍሎረንስ በ1841 ዛሬ ሩማንያ ውስጥ በምትገኘው በትራንሲልቫኒያ ተወለደች። በ1848 እና በ1849 በአገሯ በተነሳው አብዮትና ጦርነት ቤተሰቧን አጥታ፣ በልጅነቷ በኦቶማን ቱርክ ግዛት በሰው ቤት አደገች። በ1859 በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በቪዲን ከተማ ለባርነት ገበያ ቀረበች። ቤከር ለአደን በዚያ ሲያልፍ አገኛትና ይዟት ወጣ። ገንዘብ ከፍሎ ነው ወይስ አስመልጦ የሚለውን ጸሐፊዎች በየመንገዳቸው ይተርኩታል። በኋላ ቤከር ራሱ በጻፋቸው መጻሕፍት ግን ስለዚህ አንዲት መስመር የለም።

በዚያ ዘመን የአውሮፓን ጂኦግራፈሮች እንቅልፍ የነሳቸው ጥያቄ አባይ ነበር። ግብፅ በእኛ ክረምት ወራት ዝናብ አታይም፤ ወንዙ ግን በዚያው ወቅት ሞልቶ እርሻውን ያጥለቀልቅ ነበር። ውሃው ከየት ይመጣል? ጭቃውስ? አንዱ ወገን መልሱ በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ ሐይቆች ነው ይላል። ሌላው ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ያመለክታል። ሁለት እንግሊዛውያን፣ ስፔክና ግራንት፣ ነጭ አባይን ከምንጩ ለመከተል ከዛንዚባር በኩል ገብተው ነበር። ቤከር ከሰሜን ተነስቶ እነሱን በመንገድ ለመቀበል ተነሳ፤ ወጪውን የሸፈነውም ከራሱ ኪስ ነው። ይሁን እንጂ በቀጥታ ወደ ነጭ አባይ አልሄደም። መጀመሪያ አረብኛ መማር፣ በረሃውን መልመድ፣ ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን ወንዞች አንድ በአንድ ማየት ይበጃል ብሎ ወሰነ። ከውሳኔዎቹ ሁሉ ብልኁ ይህ ነበር፤ በኋላ ስሙን ካስጠራው ከአልበርት ሐይቅ ይልቅ ለኢትዮጵያ የሚቀርበውና በሳይንስ ረገድም የጸናው ግኝት የተገኘው በዚህ የመለማመጃ ዓመት ነው።

ኤፕሪል 15 ቀን 1861 ከካይሮ ተነሱ። እሱ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአባይ ሽቅብ ሄደው፣ የኑቢያን በረሃ በግመል አቋርጠው በርበር ደረሱ። ከዚያ ወደ አትባራ ወንዝ አቀኑ።

እዚህ ላይ ለመተማ፣ ለሸኸዲና ለኮኪት አድማጮች አንድ ነገር እናስታውስ። ሱዳን ሲገባ አትባራ የሚባለው ወንዝ፣ እናንተ ጓንግ የምትሉት ነው። ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን፣ ከጭልጋ አካባቢ ከፍታ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። አንገረብ ይገባበታል። ከላስታ ተነስቶ ሱዳን ሲደርስ ሰቲት የሚባለው ተከዜም ይቀላቀለዋል። ከዚያ በኋላ በረሃውን ሰንጥቆ፣ ከካርቱም በስተ ሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከአባይ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ መንገድ፣ ወደ አባይ የሚገባ አንድም ሌላ ገባር ወንዝ የለም።

ባልና ሚስቱ አትባራ ሲደርሱ የጠበቃቸው ግን ወንዝ አልነበረም። ሰፊ የአሸዋ ሜዳ፣ እዚህም እዚያም የተኛ ኩሬ፣ በየኩሬው የተጨናነቀ ጉማሬ፣ አዞና ዓሣ ነው ያገኙት። ሙቀቱ አይጣል ነው። ጁን 23 ለ24 አጥቢያ፣ ሌሊት፣ ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። አስጎብኚዎቻቸው ጮኸው ተነሱ። በደረቁ አሸዋ ላይ የተኙትን እየቀሰቀሱ፣ ዕቃ እየጎተቱ ወደ ዳር ሸሹ። ሲነጋ የቤከር ዓይን ያየው፣ እሱ እንደገመተው 450 ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ከ4 ሜትር ተኩል እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ወንዝ ነበር። በዚያ ሰማይ ላይ አንድ ጠብታ ዝናብ አልታየም።

ደራሽ ውሃን የሚያውቅ የቆላ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። የቤከር ብልኅነት የተደነቀበትን ነገር ትቶ አለማለፉ ነው። ዝናቡ የዘነበው እዚያ ሳይሆን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው። የውሃው መልክ ደግሞ ሌላውን ግማሽ መልስ ነገረው፤ ወፍራም፣ ጥቁር ቡናማ፣ አፈር የተሸከመ ነው። የሐይቆቹ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ እየፈሰሰ ግብፅን በሕይወት ያቆያል፤ ሙላቱንና የግብፅን ሜዳ የሠራውን ደለል የሚያመጡት ግን ከኢትዮጵያ የሚወርዱት ወንዞች ናቸው ሲል ደመደመ። ድምዳሜውን ከዚያ ወዲህ የመጣ ልኬት አላፈረሰውም። አስዋን ከሚደርሰው የዓመቱ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ ይነሳል፤ በክረምት ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። ደለሉማ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእኛው አፈር ነው። ነጭ አባይ በደቡብ ሱዳን ረግረግ ሲያልፍ ግማሽ ያህል ውሃውን ለትነት ይገብራል፤ ጭቃውንም እዚያው ያራግፋል።

የዚህን ጭቃ ዋጋ ዛሬም በጓንግ ላይ ማየት ይቻላል። ሱዳን በአስዋን ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሃልፋ የተነሱ ኑቢያውያንን ለማስፈር፣ በ1964 በዚሁ ወንዝ ላይ የኻሽም ኤል ጊርባን ግድብ ሠርታ ጨረሰች። ግድቡ ውሃ ይይዝበት ከነበረው ቦታ ግማሽ ያህሉን በጥቂት አሠርት ዓመታት ውስጥ ደለል ወሰደበት። የተወሰደው አፈር ከጎንደርና ከትግራይ ተዳፋት የታጠበ ነው። በሐምሌ ጓንግ ዳር ቆሞ የውሃውን መልክ ያየ ገበሬ፣ ስንት ማሳ እያለፈ እንደሆነ ለማወቅ የምሁር ጽሑፍ አያስፈልገውም።

ክረምቱን ባልና ሚስቱ ሶፊ በምትባል መንደር፣ በአትባራ ዳር አሳለፉ። አንዲት የሣር ጎጆ በጥቂት ገንዘብ ገዙ። የመንደሩ ሰዎች ጣሪያውን እንዳለ ተሸክመው አምጥተው ለእንግዶቹ በተመረጠው ቦታ አቆሙላቸው። ጎጆ አጓጉዞ ማቆም ለቆላ ሰው ምንም አይደለም፤ ለቤከር ግን አንድ ሙሉ ትረካ ሆነለት። ፍሎረንስ ቤቱን አደራጀች፤ ልብስ ሰፋች፤ ለበረሃው የሚሆን ሱሪና የእግር መሸፈኛ ለራሷ ሠራች። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሴት ሱሪ መልበሷ ነውር ነበር። አረብኛም ለመደች። በጉዞው ሁለቱም በየተራ በንዳድ ታመዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እያስታመመ ነው ያለፉት።

ዝናቡ አብቅቶ ሣሩ ሲደርቅ ወደ ተከዜ ተሻገሩ። መንገድ የመሯቸው ሐምራን የሚባሉ አረብ አዳኞች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል ታሄር ሸሪፍ የተባለው ከነወንድሞቹ በዝሆን አደን ስሙ የገነነ ነው። ጠመንጃ አይዙም። አንዱ በፈረስ ከዝሆኑ ፊት እየጋለበ ያታልለዋል፤ ዝሆኑ እሱን ሲያባርር ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና የእግሩን ጅማት በሰይፍ ይቆርጣል። ፈረሱ ቢሰናከል የጋላቢው ነገር አበቃ። ከዓለም አዳኝ ሁሉ ቤከር ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለእነሱ ብቻ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ለአፍሪካውያን ክብር በልግስና የሰጠባቸው ገጾችም እነዚህ ናቸው። በሌላው ቦታ ንቀቱ ብዙ ነው፤ የዛሬ አንባቢ መጽሐፉን ሲገልጥ ይህን አውቆ ቢገባ ይሻላል።

በዚያው ድንበር ላይ መክ ንምር ይኖር ነበር። አባቱ፣ የሸንዲው መክ ንምር፣ በ1822 የግብፁን ገዥ የመሐመድ አሊን ልጅ እስማኤልን ከነተከታዮቹ በእሳት አቃጥሎ ወደ ኢትዮጵያ ዳርቻ የሸሸ ሰው ነው። ልጁም እንደ አባቱ፣ በኢትዮጵያ ጥላ ሥር ሆኖ በግብፅ ግዛት ላይ ዘመቻ ማድረጉን አልተወም። ቤከር ስጦታ ልኮ ወዳጅነት ጠየቀ፤ ተቀበለው። በመክ ንምር ሰፈርም እያዜመ የሚያሞግስ አዝማሪ ቀርቦ የእንግዳውን የአደን ጀብዱ በግጥም ደረደረለት። ቤከር ግጥሙ በአስተርጓሚ ሲነገረው ተደሰተ፤ ሽልማት እንደሚጠበቅበት የገባው ግን ዘግይቶ ነው። የጎንደርን አዝማሪ የሚያውቅ አድማጭ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

አሁን ወደ መተማ እንግባ። ኤፕሪል 1862 ነው፤ ቆላው የሚነድበት ወር። የዚያን ጊዜ መተማ፣ በሱዳኖቹ አጠራር ገላባት፣ የሁለት መንግሥታት መጋጠሚያ ነበረች። ነዋሪዎቿ በብዛት ተክሩሪዎች ናቸው። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ከምዕራብ አፍሪካ ለመካ ሐጅ ተነስተው በመንገድ የቀሩ፣ በየትውልዱም የበዙ ሰዎች ነበሩ። የራሳቸው ሼህ ነበራቸው። ግብርም ለሁለቱም ወገን፣ ለግብፅም ለኢትዮጵያም፣ ይከፍሉ ነበር። ይህ የፖለቲካ ብልጠት ቀላል አይደለም፤ በሁለት ኃይለኞች መካከል የተቀመጠች ገበያ እንዳትዘረፍ ያዋጣላት ዘዴ ይህ ነበር።

ከደጋው ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ሰሙን፣ ቆዳውን፣ በቅሎውንና ፈረሱን ይዞ ይወርዳል። ከሱዳን በኩል ደግሞ ጨርቅ፣ ዶቃ፣ ብርጭቆና ብረት ይመጣል። መገበያያው ማርትሬዛ ነው። ጥጥና ማሽላ ተክሩሪዎቹ ራሳቸው ያመርታሉ። ቤከር የገበያውን ድምቀት ያደንቃል፤ እግረ መንገዱንም ቦታው በካርታ ላይ የት እንደሚውል ይለካል።

ከገበያው ዳር በሰሌን የተሠሩ ሰፋፊ ዳሶች ነበሩ። በውስጣቸው ለሽያጭ የተቀመጡ ከኢትዮጵያ የተጋዙ ልጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ሴቶች፣ ገና ልጅነታቸውን ያልጨረሱ። ቤከር ዳሶቹን ዞሮ አይቷል። መልካቸውን ያደንቃል፤ ነጋዴዎቹ እንዴት እንደሚይዟቸው ይጽፋል። ከሦስት ዓመት በፊት በቪዲን ለገበያ የቀረበችው ሴት በዚሁ ሰፈር ከእሱ ጋር ናት። ስለ እሷ ግን ዝም ነው። በዚሁ ጉዞ ላይ፣ ዱቄት እንድትፈጭላቸው ከጌታዋ በወር ኪራይ የወሰዷትን ባራኬ የተባለች ሴት፣ ዋጋዋን ለጌታዋ ከፍሎ ነጻ እንዳወጣት ይተርካል። ሴትየዋ ነጻነት የሚለው ነገር አልገባትም፤ ሊያገባኝ ነው የገዛኝ ብላ አቀፈችው። ቤከር ይህን የሚያወራው ለማሳቅ ነው። የፍሎረንስን የኋላ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ግን እዚህ ገጽ ላይ አይስቅም።

በመተማ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያንም አገኙ። በአንደኛው ላይ ንዳዱ በርትቶበታል፤ ሙያው አንጥረኛ ነው። ጊዜው የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሡ የተወለዱት እዚሁ ጎረቤት ቋራ ሲሆን፣ ከሰባኪ ይልቅ የእጅ ባለሙያ ይሹ እንደነበር የታወቀ ነው። ቤከር ወደ ደጋው አልወጣም፤ ዕቅዱ ካርቱም ነበርና ወደ ምዕራብ ዞረ።

ቀሪው መንገድ በራሃድና በድንድር ሸለቆ ነው። ራሃድ የእኛው ሽንፋ ነው። በዚያ ሜዳ ያለፉት በዝሆን፣ በቀጭኔ፣ በአውራሪስና በአንበሳ መካከል ነበር። ጁን 11 ቀን 1862 ካርቱም ሲገቡ ካይሮን ከለቀቁ ዓመት ከሁለት ወር ሊሞላ ነው። አውራሪሱ ዛሬ ከአካባቢው ጠፍቷል። አንበሳው ግን አለ። በቋራ የሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክና ከሱዳኑ የድንድር ፓርክ ጋር የሚያያዘው ጫካ፣ አንበሶች እንዳሉበት በ2016 በካሜራ ምስልና በዱካ ተረጋግጧል። ያኔ በሁለቱም ፓርኮች ቁጥራቸው እስከ 200 ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል። የአካባቢው ነዋሪ ግን መኖራቸውን ቀድሞም ያውቅ ነበር።

ከካርቱም ወዲያ ያለው ጉዞ ረጅምና መከራ የበዛበት ነው፤ በአጭሩ እንለፈው። በ1863 መጀመሪያ ጎንዶኮሮ ላይ ስፔክንና ግራንትን አገኙ። ፍሎረንስ በመንገድ ላይ በፀሐይ ተመትታ ለቀናት ራሷን ስታ ነበር። ማርች 14 ቀን 1864 በዛሬዋ ኡጋንዳና ኮንጎ መካከል ያለውን ሐይቅ አዩ፤ ቤከር አልበርት ብሎ ሰየመው። በዚያው ዓመት መስከረም በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ትልቅ የሳይንስ ጉባኤ ተሰብስቦ፣ ስፔክና ተቀናቃኙ ሪቻርድ በርተን ስለ አባይ ምንጭ ፊት ለፊት ሊከራከሩ ቀጠሮ ተይዞ ነበር። በዋዜማው ስፔክ ለአደን ወጥቶ የገዛ ጠመንጃው ገደለው። አዳራሹ የተሰበሰበው ለክርክር፣ የሰማው ግን መርዶ ነው።

ስለዚህ በኦክቶበር 1865 ባልና ሚስቱ እንግሊዝ ሲደርሱ ለንደን የምትጠብቀው ሰው እነሱ ነበሩ። ኖቬምበር 4 በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ኖቬምበር 13፣ ማለትም በዘጠነኛው ቀን፣ ቤከር በንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር ፊት ቆሞ ጉዞውን ተናገረ። ሲጨርስም ሚስቱን ወደ መድረኩ አቅርቦ፣ ያለ እሷ በሕይወት እንደማይመለስ ለታዳሚው ነገረ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው።

ከጭብጨባው በኋላ የሆነውን ደግሞ እንስማ። የማኅበሩ የወርቅ ሜዳሊያ፣ ቀድሞ ገና በጉዞ ላይ ሳሉ፣ የተሰጠው ለእሱ ነው። በ1866 የሰር ማዕረግ ተቀበለ። በ1867 የኢትዮጵያን ገባር ወንዞች የሚመለከተው መጽሐፍ ታተመ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ፍሎረንስን በቤተ መንግሥት ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነችም፤ ሳይጋቡ አብረው ኖረዋል የሚለው ወሬ ደርሷት ነበርና። ማኅበሩም ያኔ ሴት አባል አይቀበልም ነበር። በ1892 እና በ1893 ሃያ ሁለት ሴቶች ከገቡ በኋላ በሩ እንደገና ተዘጋ፤ ለሁሉም የተከፈተው በ1913 ነው። የፍሎረንስ የራሷ ማስታወሻ ለሕዝብ የደረሰው ካረፈች ከ56 ዓመት በኋላ፣ በ1972 ነው። እሱም የሚናገረው ባልና ሚስቱ በኋላ ስላደረጉት የሱዳን ዘመቻ እንጂ ስለ ጓንግና ስለ መተማ አይደለም። ስለዚህ መተማን በሴት ዓይን ያየችው የመጀመሪያዋ አውሮፓዊት ልትሆን የምትችለው ሰው ምን እንዳሰበች የምናውቀው በባሏ ብዕር በኩል ብቻ ነው። ታሄር ሸሪፍና ወንድሞቹማ አዳራሹ መኖሩንም አልሰሙም።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ከዚህ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። በ1966 ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተካሄደ። የመጀመሪያው በ1959 ሮም፣ ሁለተኛው በ1963 ማንቸስተር ነበር። ስለ ኢትዮጵያ የሚመክረው ጉባኤ ኢትዮጵያ የገባው በሦስተኛው ነው ማለት ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነው ጉባኤውን ካስተናገዱት አንዱ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ይመሩ ነበር። በ1956 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1957 አዲስ አበባ ላይ የተጋቡት እነዚህ ባልና ሚስት፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላዋ ለጽሑፉ የሚሆነውን መጽሐፍ እያሰባሰበች ነው የኖሩት። ፕሮፌሰሩ በ1968 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ገበያዎች ሲተርኩ፣ እንደ ቤከር ያሉ ተጓዦች የጻፉትን እያበጠሩ ተጠቅመውበታል። በ2013 ስለ ኢትዮጵያ ሕይወታቸው ያሳተሙት የትዝታ መጽሐፍ ግን ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለው፤ የእሳቸውና የባለቤታቸው።

መተማ ራሷ ከቤከር ጉብኝት በኋላ ብዙ ዓይታለች። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 1881 አፄ ዮሐንስ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግሥቱ ያረፉት በዚያው ሜዳ ነው። ዛሬ በየዓመቱ ክረምት ሰሊጡን ለማረም፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ለማጨድ፣ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ከእሱም ጋር ዛሬ ተመራማሪን ወደ ቆላው የሚስበው ጉዳይ ይመጣል። ካላዛር የሚባለው በሽታ ነው። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል በጣም ትንሽ ነፍሳት ናት፤ በምሽትና በሌሊት ትነክሳለች። የተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና የግራር ጥላ ይስማማታል፤ ሠራተኛውም የሚያድረው እዚያው ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሆድ ከተነፋና ሰውነት ከከሳ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ካልታከመ ይገድላል፤ ከታከመ በአብዛኛው ይድናል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ።

ስለዚህ በሽታና ስለ ዘመዶቹ ብቻ የሚመክር ዓለም አቀፍ ጉባኤም አለ፤ በ2017 በስፔኗ ቶሌዶ ተካሂዷል። ቶሌዶ የሚጎበኝ ከተማ ነው። ጉባኤተኛው ከጠዋቱ ስብሰባ በኋላ ከባለቤቱ ጋር በጥንታዊ ጎዳናዎቿ ቢዞር ማንም አይቀየመውም። እንዲህ ባሉ ጉባኤዎች በስላይድ ላይ የሚታየው ቁጥር ግን ከአንድ የቆላ ዳስ ሥር፣ ከአንድ ሠራተኛ ክንድ ላይ ከተቀዳ ደም የመጣ ነው።

ስለዚህ፣ የመተማ፣ የቋራ፣ የምዕራብ አርማጭሆና የገንዳ ውሃ አድማጮቻችን፣ አንድ ነገር እናሳስባችሁ። ወንዛችሁን ሊለካ፣ ደማችሁን ሊመረምር፣ አንበሳችሁን ሊቆጥር ወይም ታሪካችሁን ሊጠይቅ ሰው ሲመጣ እንደ ወጉ አስተናግዱት፤ መንገድም ምሩት። ከመሄዱ በፊት ግን ጥናቱ የት እንደሚቀርብ ጠይቁት። መንገድ የመራው፣ ያስተረጎመውና መልስ የሰጠው ሰው ፈቃዱ ከሆነ ስሙ በጽሑፉ እንዲገባ፣ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ ለቀበሌው፣ ለጤና ጣቢያውና ለትምህርት ቤቱ አንድ አንድ ቅጂ እንዲደርስ ቃል አስገቡት። መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁ የጓንግ የመጀመሪያ ሙላት በየዓመቱ የሚደርስበትን ቀን በአንድ ደብተር ላይ እንዲመዘግቡ ብታደርጉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከቤከር የአንድ ሌሊት ማስታወሻ የሚበልጥ መረጃ በእጃችሁ ይኖራል።